ፒኬዩን በእርጎ ባክቴሪያ ማከም ይቻላል ወይ? ለባሕር ዳር ተማሪዎች ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦

«ባሕር ዳር የምንማር አምስት የባዮቴክኖሎጂ ተማሪዎች ነን። ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን ፒኬዩ ወይም ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለውን፣ እምብዛም የማያጋጥም የሜታቦሊዝም በሽታ መርጠናል። ሐሳባችን ፌኒላላኒንን የሚሰብር ጂን በእርጎ ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተን ልጆች እርጎውን ጠጥተው እንዲድኑ ማድረግ ነው። የትኛውን ጂን ብንመርጥ ይሻላል? ያለን ተራ የማይክሮባዮሎጂ ላብ ነው፤ በዓመት ውስጥ አይጥ ላይ ሞክረን እንጨርሳለን? ዶክተር፣ ያለ ይሉኝታ ይንገሩን።»

ምላሽ፦

ያለ ይሉኝታ ካላችሁኝ አጭሩን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጂኑ አለ። ጂኑን ተሸክሞ ፌኒላላኒን የሚሰብር ባክቴሪያም ባላችሁ ላብ በዓመት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። እርጎው ግን አይሆንም፤ አይጡም ለጊዜው ይቆይ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ሌላ ነገር አለ፦ ድካማችሁ እዚህ ባሕር ዳር ለሚወለድ ልጅ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ ከመድኃኒቱ በፊት መለኪያውን ሥሩ። እኛ ጋ ፒኬዩ ያለበት ልጅ መድኃኒት ከማጣቱ በፊት ምን እንደያዘው የሚነግረው ሰው ያጣል። ለምን እንዲህ እንደምል በዝርዝር ልጻፍላችሁ፤ ጉዳዩ ለእኔም የልብ ጉዳይ ነው።

ፌኒላላኒን ከምግብ ፕሮቲን የምናገኘው አሚኖ አሲድ ነው። ሰውነት ራሱ አይሠራውም፣ ያለ እሱም ልጅ አያድግም። ለሰውነት ግንባታ ከሚውለው የተረፈውን ጉበት ውስጥ ያለው ፌኒላላኒን ሃይድሮክሲሌዝ የተባለ ኤንዛይም ወደ ታይሮሲን ይቀይረዋል። ኤንዛይሙ ሲበላሽ ነገሩ እህል እየተጨመረበት ድንጋዩ እንደቆመ ወፍጮ ይሆናል፤ የሚገባው ይገባል፣ የሚወጣ የለም። የጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ፌኒላላኒን ብዙውን ጊዜ ከ120 ማይክሮሞል (የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ ነው) በሊትር አይበልጥም። ከባዱ ፒኬዩ ያለበትና ሕክምና ያላገኘ ልጅ ላይ ከ1,200 ያልፋል። ክምችቱ ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው አእምሮ ላይ ነው። ልጁ ሲወለድ ደህና ነው፤ ወራት ሲቆጠሩ እድገቱ ይዘገያል፣ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፣ ቆዳው ይቆጣል፣ ሽንቱ የሻገተ ነገር ይሸታል። አእምሮ ላይ የደረሰው ጉዳት ወደ ኋላ አይመለስም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተደርሶበት አመጋገቡ ከተስተካከለ ግን ልጁ እንደ እኩዮቹ ያድጋል፣ ትምህርት ቤት ይገባል።

የሚወረሰው ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ቅጂ ሲደርስ ነው፤ ወላጆቹ ግን ምንም አይሰማቸውም። የሥጋ ዘመድ በሚጋባበት ማኅበረሰብ እንዲህ ዓይነት በሽታዎች ይበዛሉ። በእኛ አካባቢ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት የቆየ ልማድ በመሆኑ ከዚህ አንጻር ትልቅ መከላከያ ነው። ሆኖም ጨርሶ አያጠፋውም። ከ10,000 ልጆች አንዱ በሚታመምበት ሕዝብ ውስጥ ከ50 ሰው አንዱ ያህል ተሸካሚ ነው፤ የማይዛመዱ ሁለት ተሸካሚዎች ሊጋቡ ይችላሉ። ስለዚህ «እኛ ጋ የለም» የሚል ካጋጠማችሁ «መቼ ተመርምሮ?» በሉት።

አሁን ወደ ጂኑ። አብዛኛው ተማሪ መጀመሪያ የሚያስበው የተበላሸውን የሰውን ኤንዛይም ባክቴሪያ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህ አያዋጣም። የሰው ኤንዛይም ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ቴትራሃይድሮባዮፕተሪን የሚባል ረዳት ሞለኪውልም ይፈልጋል። በየላቡ የሚሠራበት የአንጀት ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ ይህን ረዳት አይሠራም፤ አንጀት ውስጥም ኦክስጅን እንደ ልብ አይገኝም። የሚሻለው ከዕፅዋትና ከባክቴሪያዎች የሚገኘው ፌኒላላኒን አሞኒያ ላየዝ ነው፤ በአጭሩ ፓል ይባላል። ፌኒላላኒንን ለሁለት ይከፍለዋል፦ ሲናሚክ አሲድና አሞኒያ። ረዳት ሞለኪውል ከውጭ አይጠይቅም፣ ኦክስጅንም አይፈልግም። ሲናሚክ አሲድ ከቀረፋ ሽታ ጋር ዝምድና ያለው ነገር ነው፤ ሰውነት ወደ ሂፑሪክ አሲድ ቀይሮ በሽንት ያስወጣዋል።

አናቤና ቫሪያቢሊስ ከምትባል ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያ የተገኘው ፓል በደንብ የተጠናና 567 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ስለሆነ እሱን ምረጡ። የእሷ ወገኖች ጣና ውስጥም አሉ። ከዚሁ ኤንዛይም የተሠራው ፔግቫሊዬዝ የሚባል መርፌ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂ ሕሙማን ተፈቅዷል። ይሠራል፤ ግን ለሰውነት ባዕድ ፕሮቲን በመሆኑ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ኤንዛይሙን ባክቴሪያ ውስጥ ሸሽጎ ወደ አንጀት የመላክ ሐሳብ ማራኪ የሆነውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ እርጎውን እናምጣው። ባክቴሪያ ስለምትሠሩ ብቻ ሳይሆን ስሌት ከዲዛይን መቅደም እንዳለበት ስለሚያሳይ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

አንድ ትንሽ ልጅ በቀን 20 ግራም ፕሮቲን ይበላል እንበል። በተለምዶ በሚሠራበት ስሌት 1 ግራም የምግብ ፕሮቲን 50 ሚሊግራም ገደማ ፌኒላላኒን ይይዛል። ስለዚህ ልጁ በቀን 1,000 ሚሊግራም ይወስዳል፤ የሞለኪውሉ ክብደት 165 ስለሆነ ይህ 6,000 ማይክሮሞል ያህል ነው። አሁን ባክቴሪያችሁ በጣም ጎበዝ ናት እንበል፤ አንድ ቢሊዮን ሕዋስ በሰዓት 1 ማይክሮሞል ይሰብራል፣ ምግብ ባለበት የአንጀት ክፍልም ለ3 ሰዓት ንቁ ሆና ትቆያለች። አንድ ቢሊዮን ሕዋስ 3 ማይክሮሞል ሰበረ ማለት ነው። ለ6,000 ማይክሮሞል 2,000 ቢሊዮን ሕዋስ ያስፈልጋል።

እርጎ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ቢኖረው ጥሩ እርጎ ነው። ስለዚህ 2,000 ቢሊዮን ሕዋስ ለማግኘት 20 ሊትር መጠጣት ይኖርበታል። ይህ ብቻ ቢሆን «እናወፍረዋለን» ትሉኝ ነበር። ችግሩ እርጎ ራሱ ወተት መሆኑ ነው። አንድ ሊትር የላም ወተት ወደ 33 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ይህም 1,650 ሚሊግራም ፌኒላላኒን፣ ማለትም 10,000 ማይክሮሞል ነው። በዚያው ሊትር ውስጥ ያሉት 100 ቢሊዮን ባክቴሪያዎች የሚሰብሩት 300 ነው። መድኃኒት ብላችሁ ያጠጣችሁት አንድ ሊትር 10,000 አስገብቶ 300 ያወጣል። ባክቴሪያውን አሥር እጥፍ ብታበዙት እንኳ 3,000 ነው። ወተት ለእነዚህ ልጆች ከተከለከሉት ምግቦች የመጀመሪያው የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። በወይራ በታጠነ ቅል የሚረጋው የእኛ እርጎ በአየሩ፣ በቅሉና በወተቱ ውስጥ ባሉ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች የሚሠራ ነው። ተጨማሪ ጂን የተሸከመ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው የሚያድገው። በዚህ ገበያ ውስጥ ብትለቁት በሁለትና በሦስት እርሾ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ማጓጓዣ ከፈለጋችሁ ከወተት ጋር ያልተቀላቀለ፣ ደርቆ ዱቄት የሆነ ባክቴሪያ በውኃ የሚበጠበጥበትን መንገድ አስቡ።

የአንጀቱንም ባሕርይ አትርሱ። ፕሮቲን ሲፈጭ ሁሉም ወደ ነጠላ አሚኖ አሲድ ተሰብሮ ባክቴሪያችሁን አይጠብቅም። ብዙው ሁለትና ሦስት አሚኖ አሲድ እንደተያያዘ በቀጥታ ይመጠጣል። የቀረውንም አንጀት በፍጥነት ይስበዋል፤ ባክቴሪያዋ የምትሽቀዳደመው ከዚህ ጋር ነው። በቱቦ ውስጥ የሚያስደስት ውጤት ሰው ላይ ሲደርስ የሚቀንሰው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህን መንገድ ከእናንተ በፊት የሄዱበት አሉ። ሲንሎጂክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ኢ. ኮላይ ኒስል 1917 የሚባለውን ዝርያ ተጠቀመ። ዝርያውን አልፍሬድ ኒስል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ጓደኞቹ በተቅማጥ ሲወድቁ እሱ ጤነኛ ሆኖ ከቀረ ወታደር ያገኘው ነው፤ እስካሁንም ጀርመን ውስጥ ለአንጀት ሕመም ይሰጣል። ኩባንያው ፓልን አስገባበት፣ ፌኒላላኒንን ከውጭ ወደ ሕዋሱ የሚስብ በርም ጨመረበት። ይህ ሁለተኛው ነገር እንዳያመልጣችሁ፤ ኤንዛይሙ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የሚሰብረው ወደ ሕዋሱ ካልገባለት ሥራ ፈት ነው። ከዚያ ዳፕ-ኤ የሚባለውን ጂን አጠፉባት። ይህ ጂን የጠፋባት ባክቴሪያ ዲያሚኖፒሜሊክ አሲድ ካልተመገበች ግድግዳዋን መሥራት አትችልም፤ ከሰው ወጥታ በዱር መራባት አትችልም ማለት ነው። ጦጣዎችና ጤነኛ ሰዎች ላይ፣ ቀጥሎም ሕሙማን ላይ ሲሞከር ሲናሚክ አሲዱና ሂፑሪክ አሲዱ ታየ፤ ባክቴሪያዋ አንጀት ውስጥ እንደምትሠራ ተረጋገጠ። የተሻሻለችው ዝርያ ወደ ሦስተኛው ደረጃ የሰው ሙከራ ገብታ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ግን ሙከራው የተቀመጠለትን ዓላማ ሊመታ እንደማይችል ስለታየ ኩባንያው አቆመው።

ይህን የነገርኳችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ ብዬ አይደለም። የዓመታት ሥራ፣ ብዙ ገንዘብና የሠለጠነ ቡድን ያለው ኩባንያ እዚያ ላይ ከቆመ፣ አምስት ተማሪዎች በዓመት አይጥ አድነው ይጨርሳሉ ብሎ የሚፈርም አማካሪ አያስብላችሁም። አይጡ ራሱ ተራ የላብ አይጥ አይሆንም፤ ጂኑ የተበላሸበት ልዩ ዝርያ ከውጭ ማስመጣት፣ ማርባት፣ የእንስሳት ሥነ ምግባር ፈቃድ ማውጣት አለ። የመመረቂያ ዓመታችሁ በእሱ ብቻ ያልቃል።

እንግዲህ ወደ መለኪያው ልምጣ።

ከባሕር ዳር ወጣ ባለ ቀበሌ ውስጥ እናት አንድ ዓመት የሞላውን ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ መጣች እንበል። ልጁ አይቀመጥም፣ ዓይን አይከተልም፣ ጸጉሩ ሳስቶ ቀላ ብሏል፣ ቆዳው ላይ ሽፍታ አለ። የፌኒላላኒን ብዛት ለቆዳና ለጸጉር ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን እንዳይሠራ ያግዳል፤ ጸጉሩ የቀላው ለዚህ ነው። እኛ አገር ግን ጸጉሩ የቀላ ልጅ ያየ ባለሙያ በቅድሚያ የሚያስበው የምግብ እጥረትን ነው፤ መጥፎ ግምትም አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። እናቲቱን «እንቁላል ስጪው፣ ወተት አታስቀሪበት» ብሎ ይመክራታል። ፒኬዩ ላለበት ልጅ ይህ ምክር በሽታውን ማባባስ ነው። እናት ያላትን ሸጣ እንቁላል ትገዛለች፤ ልጁ ይብስበታል። ጸበል ይዛው ትሄዳለች፤ ትክክል ነች፣ ሌላ መልስ የሰጣት የለም። ይህን የሚቀይረው ባክቴሪያ መድኃኒት አይደለም። ይህን የሚቀይረው ልጁ በተወለደ ሰሞን ከተረከዙ የተወሰደች የደም ጠብታ ናት።

ታሪኩም እንዲሁ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ1934 ኖርዌያዊው ሐኪም አስብየርን ፎሊንግ፣ ሁለት ልጆቿ ለምን እንደዘገዩ መልስ ፍለጋ ሐኪም ቤት ስትንከራተት የነበረች እናት ስላመጣችለት ሽንት ላይ ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ አደረገ፤ ያልጠበቀው አረንጓዴ ቀለም ታየ። በሽታው የተገኘው በዚያ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሆርስት ቢከል እንግሊዝ አገር ፌኒላላኒን የተቀነሰበት ምግብ ልጆችን እንደሚረዳ አሳየ። ሕክምናው ተገኘ፤ ልጆቹ ግን አሁንም የሚደረስባቸው አእምሯቸው ከተጎዳ በኋላ ነበር። ያንን የፈታው ሮበርት ገትሪ ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ። የፈታውም በባክቴሪያ ነው! ለእናንተ ልብ የሚሞቀው ነገር እዚህ አለ ብዬ አስባለሁ።

የገትሪ ዘዴ እንዲህ ነው። ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባለው የአፈር ባክቴሪያ ስፖር (እንቅልፍ ላይ ያለ ዘሩ) አነስተኛ ንጥረ ነገር ባለው አጋር፣ ማለትም ባክቴሪያ በሚያድግበት ጄሊ፣ ውስጥ ይደባለቃል። ቤታ-2-ታየኒላላኒን የተባለ፣ ፌኒላላኒን መስሎ የሚያሳስት ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ባክቴሪያው በእሱ ምክንያት አያድግም። ከዚያ ደም የደረቀባት የማጣሪያ ወረቀት በክብ ትበሳና አጋሩ ላይ ትቀመጣለች። ደሙ ውስጥ ፌኒላላኒን ከበዛ አሳሳቹን አሸንፎ ባክቴሪያው በወረቀቷ ዙሪያ ያድጋል። በማግሥቱ ፕሌቱን ስታወጡ ነጭ ቀለበት ታያላችሁ፤ ቀለበቱ በሰፋ ቁጥር ፌኒላላኒኑ ብዙ ነው። በዚያው ፕሌት ላይ መጠናቸው የታወቀ ወረቀቶች ስለሚደረደሩ በዓይን ማወዳደር ይቻላል። የሚያስፈልገው አጋር፣ ሙቀት የሚጠብቅ ኢንኩቤተርና በእንፋሎት የሚያመክን ኦቶክሌቭ ነው። የተረከዝ ደም በወረቀት ላይ አድርቆ የመመርመር ልማድ በዓለም ላይ የተስፋፋው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ዛሬ ባለ ገንዘብ አገሮች ሞለኪውልን በክብደቱ በሚለይ ማሽን፣ በማስ ስፔክትሮሜትር ይሠሩታል። የእናንተ ላብ ግን ገትሪ ከነበረው ላብ አያንስም።

እኔ ብሆን ፕሮጀክቱን በሁለት እግር አቆመዋለሁ። አንደኛው እግር የገትሪን ዘዴ እዚህ ማስነሣት ነው። ባክቴሪያው ምንም ያልተነካ ስለሆነ የዘረመል ፈቃድ አይጠይቃችሁም፤ ሥራችሁም በመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ያሳያል። የሰው ደም ከመንካታችሁ በፊት የበግ ደም ከቄራ በፀረ መርጋት ተቀብላችሁ፣ ፌኒላላኒን በታወቀ መጠን ጨምራችሁበት፣ ዋትማን 903 በሚባለው የደም ናሙና ወረቀት ላይ አድርቁ። በዴሲ ሊትር 1 ሚሊግራም ማለት በሊትር 60 ማይክሮሞል ገደማ መሆኑን ያዙ። ከ2 እስከ 20 ሚሊግራም ያለውን ደረጃ በደንብ ከለያችሁ ትልቅ ነገር ሠርታችኋል። አንድ ድክመቱን አስቀድማችሁ መርምሩ፦ ልጁ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እየወሰደ ከሆነ ደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ባክቴሪያውን ገድሎ ውጤቱን «ጤነኛ» ያስመስለዋል። እኛ አገር አንቲባዮቲክ የሚወስድ አራስ ብዙ ስለሆነ ይህ የጎን ጉዳይ አይደለም። የበግ ደሙ ላይ አምፒሲሊንና ጄንታሚሲን ጨምራችሁ የሚደርሰውን እዩና ጻፉት።

ሌላኛው እግር ሲንተቲክ ባዮሎጂው ነው፤ ፓል የተሸከመች የላብ ኢ. ኮላይ። ግቡ ለሰው መድኃኒት መስጠት ሳይሆን ከላይ በግምት ያስቀመጥኩትን ቁጥር በእውነተኛ ቁጥር መተካት ነው፤ ቢሊዮን ሕዋሳችሁ በሰዓት ስንት ይሰብራል? ይህን ቁጥር በጥንቃቄ የለካ ተማሪ በየትኛውም ላብ ይከበራል።

መለካቱ ደግሞ ከምታስቡት ይቀላል። ሲናሚክ አሲድ 290 ናኖሜትር ላይ ብርሃን አጥብቆ ይመጥጣል፤ ፌኒላላኒን ግን እዚያ ላይ አይታይም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አልትራቫዮሌት የሚያነብ ስፔክትሮፎቶሜትር ካላችሁ ይበቃል። ሕዋሶቹን አሳድጉ፣ በሴንትሪፊውጅ ሰብስቡ፣ ሁለት ጊዜ በፎስፌት በፈር (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ የተዘጋጀ ፈሳሽ) እጠቡ፣ ፌኒላላኒን ባለበት በፈር ውስጥ በ37 ዲግሪ አቆዩ። በየአሥር ደቂቃው ትንሽ ቀድታችሁ ሕዋሱን አዝቅጡና የላይኛውን ጥርት ያለ ፈሳሽ አንብቡ። ባክቴሪያ በሚያድግበት ሾርባ፣ በኤልቢ ውስጥ እንዳታነቡ፤ ኤልቢ ራሱ ፌኒላላኒን አለው፣ በዚህ ሞገድ ላይም ብርሃን ይመጥጣል። ሁለተኛው ወጥመድ ኩቬቱ፣ ማለትም ፈሳሹ የሚነበብበት ትንሽ ዕቃ ነው። ተራው ርካሽ ፕላስቲክ ኩቬት 290 ላይ ብርሃን ስለሚያግድ ማሽኑ የማይረባ ቁጥር ያሳያችኋል፤ ተማሪው ደግሞ ኤንዛይሙን ይወቅሳል። ኳርትዝ ተጠቀሙ፤ ካምፓሱ ውስጥ የኬሚስትሪ ክፍል ያለው ነገር ስለሆነ ሄዳችሁ በትሕትና ተዋሱ፣ እንዳትሰብሩትም ተጠንቀቁ፣ ውድ ነው። ጂን የሌላትን ባክቴሪያ፣ ባክቴሪያ የሌለውን በፈርና ፌኒላላኒን የሌለውን ቱቦ በየሙከራው አብራችሁ አስኬዱ። የእነዚህ ሦስት ቱቦዎች ውጤት የሌለበት ግራፍ ብታሳዩኝ አላየውም።

ጊዜ ከተረፋችሁ ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ጥሩ ሐሳብ አለ። ፌ-ኤ የሚባለው ጂኗ የጠፋባት ኢ. ኮላይ ፌኒላላኒን ራሷ መሥራት ስለማትችል የምታድገው በተሰጣት ልክ ነው። በእሷ ላይ በዓይን የሚታይ ቀለም የሚያወጣ ጂን ብትጨምሩ፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ያለ ማሽን የሚያነበው መለኪያ ይወጣዋል። ይህ የእናንተ የራሳችሁ አዲስ ነገር ሊሆን የሚችለው ክፍል ነው፤ ግን መጀመሪያ አሮጌው ዘዴ በእጃችሁ ይሥራ።

ስለ ሕጉ። ጂን የተጨመረበት ማንኛውም ባክቴሪያ በአገራችን ሕግ ልውጥ ሕያው ነው፤ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው 896/2007 ይመለከቱታል፣ ጉዳዩን የሚይዘው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ፈቃዱ ሳይኖር ፕላዝሚድ (ጂን ወደ ባክቴሪያ የሚያስገባ ክብ ዲኤንኤ) አታዝዙ። የሰው ደም ለመንካት ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የግድ ነው። እርስ በርሳችሁም ቢሆን የሠራችሁትን ባክቴሪያ አትቅመሱ። ይህን የምለው ቀልደኛ ተማሪ በየዓመቱ ስለማይጠፋ ነው።

ቆሻሻውን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። የእናንተ ላብ ፍሳሽ የሚሄድበት አፈር የጣና ዳር አፈር ነው፤ ሰው ከሐይቁ ዓሣ ያወጣል፣ ልጆች ይዋኙበታል፣ ዓባይም ከዚያው ይወጣል። ያሳደጋችሁት ሁሉ ኦቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ሳይገባ ከክፍሉ አይውጣ። መብራት ከሄደና ኦቶክሌቩ ካልሠራ ቆሻሻው በተዘጋ ዕቃ ይጠብቅ፤ ወደ ቱቦ አይደፋ። ፕላዝሚዶች ላይ የሚቀመጠው የአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂን ለላብ ሥራ ምቹ ነው፤ ሰው ወደሚውጠው ነገር ግን ጨርሶ መግባት የለበትም፣ የአንጀት ባክቴሪያዎች ጂን ይቀያየራሉና። ለመድኃኒት የታሰበ ዲዛይን ስትጽፉ ጂኑን በክሮሞሶሙ ላይ አስቀምጡ፣ እንደ ዳፕ-ኤ ያለ ማሰሪያም አድርጉበት።

ያልጠየቃችሁኝ ግን ልጽፍላችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ምግብ ነው። መለኪያው ሠርቶ አንድ ልጅ ቢገኝ ምን ይበላል? የመጀመሪያው ሕክምና እስከ ዛሬም አመጋገብ ነው። ከባዱ ፒኬዩ ያለበት ልጅ በቀን የሚችለው ፌኒላላኒን ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 500 ሚሊግራም ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ብቻውን ከ500 ሊያልፍ ይችላል። ሽሮ ከዚያ ይብሳል፤ ጥራጥሬ ከመቶው 20 ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ ወደ 1,000 ሚሊግራም ማለት ነው። የጣና ቆሮሶና አምባዛም ከዚያ አይርቁም። ስለዚህ «ጾም ምግብ ይብላ» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም፤ ጾም ምግባችን ሽሮና ምስር ነው። በሌላ በኩል ከእንሰት የሚገኘው ቡላ ስታርች በስታርች ነው፤ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው። ውጭ አገር ለእነዚህ ልጆች በፋብሪካ ተሠርቶ በውድ የሚሸጠው ዝቅተኛ ፕሮቲን ዱቄት የሚሰጠውን ያህል ጉልበት ቡላ ሊሰጥ ይችላል። ድንች በልክ፣ የዘጌ ማንጎ፣ ሙዝ፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ ስኳር አሉ። አራስ ከሆነ እናት ጡት ማጥባቷን አታቁም፤ የእናት ጡት ፕሮቲን ከላም ወተት በጣም ያነሰ ነው፣ በደም ምርመራ እየተለካ ይሰጣል። ግን ፌኒላላኒን ጨርሶ ከጠፋ ልጁ አያድግም፤ ፌኒላላኒን የሌለበት ልዩ የፕሮቲን ዱቄትም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ይህን ሁሉ የሚመራው የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ምግብ ባለሙያ ነው፤ እናንተ ቤተሰብ አትምከሩ። ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ የምግብ ሳይንስ ተማሪ ጓደኛ ካላችሁ ግን የቡላ እንጀራን ፌኒላላኒን መለካት ራሱን የቻለ የመመረቂያ ሥራ ነው፤ ስጡት።

ለሕፃናት ክፍል ባለሙያዎች ፕሮጀክታችሁን ስታስረዱ፣ በፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ስለ ባክቴሪያው ከመናገራችሁ በፊት ደም የሚወሰድበትን ጊዜ ጠይቋቸው። የፌኒላላኒኑ መጠን ከፍ የሚለው ልጁ ጡት ከጠባ በኋላ ነው፤ ከእናቱ ሆድ ሳለ የእናቱ ጉበት ያጸዳለት ነበር። ስለዚህ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተወሰደ ደም ሊያሳስት ይችላል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ያለው ይመረጣል። እኛ ጋ ብዙ እናት ከዚያ በፊት ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ቤቷ የምትወልድም አለች። ለክትባት የምትመጣበት 45ኛው ቀን ዘግይቷል፣ ግን ከአንድ ዓመት እጅግ ይሻላል። በማጣሪያው ከፍ ያለ የተገኘ ልጅ ሁሉ ፒኬዩ አለበት ማለት እንዳልሆነም አስታውሷቸው፤ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ጉበቱ የታመመ፣ ወይም ቀደም ሲል ያነሣሁት ረዳት ሞለኪውል፣ ቴትራሃይድሮባዮፕተሪን፣ የጎደለው ልጅም ከፍ ሊል ይችላል። ማረጋገጫው ሌላ ምርመራ ነው፤ ናሙናው የት እንደሚላክ ሳይታወቅ አንድም የሰው ጠብታ እንዳትወስዱ።

የፕሮጀክት ሰነዳችሁን እንደገና ስትጽፉ ርዕሱ ላይ «ማከም» የሚለውን አውጡና «መለካት» አድርጉት። የበግ ደሙ ፕሌት ላይ ቀለበት ስታገኙ ፎቶውን ከማስተካከያ ወረቀቶቹ ጋር፣ የ290ውን ንባብ ደግሞ ከሦስቱ መቆጣጠሪያ ቱቦዎች ጋር ላኩልኝ፤ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።